ከነልጣጩ

«ልጣጭ ለከብት ነው» አለ ባምላክ፤ ይህን ሲል አራተኛው ነበር። «በእኔ ቤት፣ በሚካኤል ማኅበር፣ ለሰው ልጣጭ አይቀርብም። ላጪው ብያለሁ፣ ላጪው።»

ሚስቱ አልጣሽ አልመለሰችለትም። ቀደም ሲል አንድ ጊዜ መልሳለት ነበርና ሳፋው የተገለበጠው በዚያ መልስ ነው። አሁን ተንበርክካ በግቢው የተበተኑትን ድንቾች እየለቀመች ወደ ሳፋው ትመልሳለች። ከማለዳ ጀምራ አጥባ፣ በፎጣ ወልውላ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ ጠጠር እስኪመስሉ ያደረቀቻቸው ናቸው። አሁን አፈር ልሰዋል። እንደገና መታጠብ፣ እንደገና መድረቅ አለባቸው። ማኅበርተኛው የሚመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ አሁን አምስት ሰዓት ሊሆን ነው።

«ደንቁረሻል?»

«ወጡንም ሠርቻለሁ» አለች ቀና ሳትል። «ምስሩም ጎመኑም ደርሷል። ይሄ ከዚያ ጋር የሚቀርብ ነው። ሮዳስ ናት ያለችኝ።»

የሮዳስን ስም መጥራት አልነበረባትም። እግሩ ከጎድኗ በታች ሲያርፍ የሳፋውን ጠርዝ እንደያዘች በጎኗ ወደቀች፤ ጠርዙም ከንፈሯን ሰነጠቀው። ሁለተኛው እንደሚከተል ታውቃለች። ሰው ፊቱን በሚሸፍንበት ሰዓት እሷ እጆቿን ጡቷ ሥር አጣጥፋ ደበቀች። ዛሬ የሚያስፈልጓት እጆቿ ነበሩ። ሁለተኛው ወገቧ ላይ፣ ሦስተኛው ጭኗ ላይ አረፈ። አራተኛው ሳፋውን አግኝቶት ድንቹ እንደገና ተበተነ።

ባምላክ እያለከለከ ቆመ። ሮዳስ በሆቴሏ የፈለገችውን ታብላ፣ ለካዋጃዎቿ፣ ለነጮቹ፣ ልጣጭም ቅጠልም ታቅርብ፣ እሱ ግን በሀገር ሰው ፊት መሳቂያ እንደማይሆን ነገራት። ከዚያ በሩን በኃይል ወርውሮ ወደ ቤት ገባ። ከቆርቆሮው አጥር ባሻገር የውሃ ቦቴ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋል። የጎረቤት ሴት የቦቴውን ሹፌር በዐረብኛ እየጠራች ሮጠች። አጥሩ ቀጭን ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፤ እንደሰማ የሚያሳይ ግን የለም።

አልጣሽ መተንፈስ እስክትችል ድረስ ጠበቀች። ከዚያ ድንቾቹን መቁጠር ጀመረች።

ነገሩ የድንች ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጣ ትገላገለው ነበር። ለሰላም ብላ ስንቱን ነገር ልጣለች። ነገር ግን ከሦስት ሳምንት በፊት ሮዳስ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ወደ ዳር ወስዳት ነበር። ሮዳስ ወደ ኤርፖርት በሚወስደው መንገድ ላይ ሃያ ክፍል ያለው ሆቴል አላት። እንግዶቿ የእርዳታ ድርጅት ሰዎች ናቸው፤ ድንች ከነልጣጩ በምድጃ ተጋግሮ ካልቀረበላቸው የበሉ አይመስላቸውም። ሁለት ወጥ ቤቶች ሞክረው ሁለቱም ውሃ የጠጣ ጨርቅ የመሰለ ነገር አቅርበው ተባረዋል።

«ያንን ማሂር አስተማረኝ የምትይውን ድንች ለሚካኤል ማኅበር ሥሪው» ብላት ነበር ሮዳስ። «እዚያ እቀምሰዋለሁ። ልጣጩ ጥርሴ ሥር ኩርሽም ካለ ወጥ ቤቱ ያንቺ ነው። አዝኜልሽ አይደለም፤ አዝኜ ሰው ቀጥሬ አላውቅም።» ከዚያ የአልጣሽን አንገት፣ ነጠላው በደንብ ያልሸፈነውን ቦታ፣ አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከወጥ ቤቱ ጀርባ ክፍል አለ። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጣሽ ስትተኛም ስትነሣም የምታስበው መቀርቀሪያ ነው። ከውስጥ የሚገፋ፣ እጅ የሚያህል ብረት። ፓስፖርቷንና ሁለት ቀሚሷን በፌስታል ጠቅልላ በከሰል ማዳበሪያው ታች ከቀበረች ሦስት ቀን ሆኗት ነበር።

ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ወጥታ ታውቃለች። ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌ መልሷታል። አንደኛው ጊዜ ሰሚሃ ሱቅ ነበር ያደረችው። ሰሚሃ በጁባው ካስተም ገበያ ከኡጋንዳ በሚመጡ መኪኖች የሚራገፍ ድንችና ሽንኩርት የምታከፋፍል የጂማ ልጅ ናት። በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ሱቋ ድረስ መጥተው፣ በጆንያዎቹ መካከል ቆመው፣ የሰው ሚስት አስጠልላ የሰው ትዳር እንዳታፈርስ በትሕትና ለመኗት። ሰሚሃም በትሕትና አስተናገደቻቸው። ከሄዱ በኋላ ግን ለአልጣሽ እንዲህ አለቻት፤ «እኔ ጋ ብትመጪ ያገኙሻል። ደሞዝ ያለው ሥራና በር ያለው ክፍል ስታገኚ ግን አንድም ሽማግሌ አይመጣም። ሥራ ካላት ሴት ጋር መከራከር አያውቁበትም።»

ድንቹንም የመረጠችላት ሰሚሃ ነበረች፤ ቆዳው ወፍራም፣ ቡናማ፣ ሲቆረጥ ውሃ የማያወጣ፣ ዱቄት የሚበዛበት።

ድንቾቹን እንደገና አጠበቻቸው። ፎጣዎቹ ጭቃ ስለሆኑ የትራስ ልብሶቹን አውልቃ በእነሱ ወለወለቻቸው። ከዚያ አጥሩ ሥር የተጋደመውን የቆርቆሮ ቁራጭ ጠርጋ ሳይነካኩ ደረደረቻቸው። የጁባ ፀሐይ ለብዙ ነገር ክፉ ነው፤ ለዚህ ግን ደግ ነው። ቆርቆሮው እጅ አያስነካም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ድንቾቹ እንደ ጠዋቱ ደርቀው ነበር።

ሱዳናዊው ማሂር፣ ቀድሞ በጽዳት የሠራችበት የእርዳታ ድርጅት ግቢ ወጥ ቤት የነበረው፣ ትምህርቱ አጭር ነበር። የልጣጭ ጠላት ውሃ ነው ይላል። ከውጭ ያለውን ውሃ በጨርቅ አስወግጂ፣ ከውስጥ ላለው በሹካ ወግተሽ መውጫ ስጪው። ዘይት ቅቢ፣ ግን ጥቂት፤ ያልደቀቀ ጨው አሽተሽ አጣብቂበት። እሳቱ ድንቹን ቀድሞ ይጋል። ትሪ ላይ አታስቀምጪ፣ ሽቦ ላይ አድርጊ፣ ሙቀቱ በታችም ይዙረው። ሲበስል ወዲያው ሰንጥቂና እንፋሎቱን አስወጪ። ከሁሉ በላይ ከምድጃው ከወጣ በኋላ አትክደኚ። «ከደንሽው ማለት ቀቀልሽው ማለት ነው» ይል ነበር፣ ድርጅቱ ተዘግቶ ሁሉም እስኪበተን ድረስ።

ምድጃዋ ከነዳጅ በርሜል ግማሽ የተሠራ ነው። ከሰሉ ታች ይቀጣጠላል፣ መሀል ላይ የሽቦ ርብራብ አለ፣ ከላይ የላሜራ ክዳን ይጋደምና ክዳኑ ላይም ፍም ይደረጋል። ክዳኑ ግን አይገጥምም። ባምላክ አንድ ቀን በእግሩ ስለመታው ተጣሞ በአንድ በኩል አፉን ይከፍታል። ስለዚህ መሀሉ ላይ ድንጋይ ትጭንበታለች።

ድንጋዩ የዕርቅ ድንጋይ ነው። አምና ባምላክ መንጋጋዋን የሰበራት ጊዜ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ፈረዱበት። ጥቁር ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ ከበሩ እስከ እግሯ ድረስ አጎንብሶ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። አለቀሰም። እውነተኛ እንባ ነበር፤ አልጣሽ ይህን ሐሰት አትለውም። ወደ ኡጋንዳ በሚወስደው የኒሙሌ መንገድ መኪናው ተተኩሶበት፣ ከረዳቱ ሬሳ ሥር ተኝቶ ከተረፈ ጀምሮ እንዲህ መሆኑን ሽማግሌዎቹ አስታወሷት። እሷም ስለ ሚካኤል ብላ ይቅር አለችው። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲሄዱ ድንጋዩ ግቢው ውስጥ ቀረ። ክዳኑን በእግሩ የመታው ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ድንጋዩ ልክ ሆኖ ተገኘ።

ፍሙን ክዳኑ ላይ አድርጋ፣ ድንጋዩን መሀል አስቀምጣ፣ ፍሙን በዙሪያው ከመረችው። ድንጋዩ ሲግል ቀለሙን አይለውጥም። በባዶ እጇ የነካችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጠባሳው እስካሁን አውራ ጣቷ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ የምታነሣው ጆንያ አራት እጥፍ አጥፋ ነው።

ከጀበል ኩጁር ተራራ በኩል ተኩስ ተሰማ፤ ሦስት ተከታትሎ፣ ቆይቶ አንድ። ማንም ሥራውን አላቆመም። አልጣሽ ጎኗን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው ድንቾቹን በጉጠት አገላበጠች። መተንፈሷ አጥሯል። ስታጎነብስ ጎድኗ ውስጥ የሆነ ነገር ከሌላ ነገር ጋር ይፋተጋል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ልጣጩ መጨማደድ ትቶ ተወጠረ፤ ጨው እንደ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጣበቀበት። ነክሳ ማረጋገጥ አትችልም። በቀኝ ሦስት፣ በግራ ሁለት መንጋጋ የላትም፤ ጠጣር ነገር ካኘከች ዓመት አልፏታል። የምትፈርደው በጆሮዋ ነው። የቢላውን ጀርባ ልጣጩ ላይ ጎተት አደረገችውና ጆሮዋን አስጠጋች። ደረቅ ቅጠል የተረገጠ የሚመስል ድምፅ ሰጠ። ፈገግ አለች፤ ከንፈሯ ስለተሰነጠቀ ወዲያው ተወችው።

ማኅበርተኛው መግባት ጀመረ። ባምላክ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ እያንዳንዱን በር ድረስ ሄዶ ይቀበላል። ከሁሉ ቀድመው የመጡት የማኅበሩ ሙሴ አቶ ገብረመድኅን ነበሩ። ካስተም ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ፣ ጁባ ዋና ከተማ ሳትሆን ጀምሮ የኖሩባት፣ ሁለቱንም ጊዜ አልጣሽን የመለሷት፣ የድንጋዩንም ዕርቅ የመሩ ሽማግሌ ናቸው። ባምላክ ጫማቸውን ሊስም እስኪቀረው ድረስ አጎነበሰ። ቀጥሎ እትዬ ማናህሎሽ መጡ፤ በማኅበሩ ምግብ ላይ የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ሮዳስ መጨረሻ ገባች፤ መኪናዋ ከበሩ ውጭ ቆመ። አልጣሽን ከሩቅ በዓይኗ ፈለገቻት፣ ከንፈሯን አየች፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ ትሪው አዞረች። ትሪው ላይ ድንቾቹ ተሰንጥቀው እንፋሎት ይተፋሉ።

በዚያች ደቂቃ ቢቀርቡ ኖሮ ሌላ ነገር ባልመጣ ነበር።

እትዬ ማናህሎሽ ግን ከማንጎው ጥላ ሥር የተዘረጋውን ምግብ ሲያዩ ደነገጡ። ጸሎት ሳይደረስ ምግብ ተገልጦ አይቀመጥም። ምስሩ ተከድኗል፣ ጎመኑ ተከድኗል፣ እንጀራው ተከድኗል፤ ድንቹ ብቻ ለሰው ዓይን ተሰጥቷል። ከቦርሳቸው የላስቲክ ጠረጴዛ ልብስ አወጡና ትሪውን ሙሉ ሸፈኑት፤ ጠርዙንም ወደ ታች እየጎሰጎሱ አጣበቁት።

«እትዬ፣ ይሄ አይከደንም» አለች አልጣሽ። «ከተከደነ ይበላሻል።»

«ምን ነካሽ ልጄ፣ የተከደነ ምግብ መቼ ተበላሽቶ ያውቃል? ዓይን ይሻላል?» አሉና በላዩ ላይ ነጠላቸውን ደረቡበት።

አልጣሽ እጇን ወደ ነጠላው ስትሰድ ባምላክ ደረሰ። ለሰው ሁሉ ፈገግ እያለ፣ ከክርኗ በላይ፣ ባለፈው ሳምንት የበለዘው ቦታ ላይ አጥብቆ ያዛት። ሥጋዋ በጣቶቹ መሀል ወጣ። «ተይው ተብለሻል» አላት ጆሮዋ ሥር፣ አፉ ቢራ ቢራ እየሸተተ። «ሰዎቹ ይሂዱና እንነጋገራለን።» እንነጋገራለን ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች። ዛሬ ማታ በዚህ ቤት ውስጥ ከሆነች ከነገ ጀምሮ ድንች የምታገላብጥበት እጅ አይኖራትም።

ቄሱ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ስለሄዱ የወሩን ንባብ ያነበቡት አቶ ገብረመድኅን ነበሩ። መነጽራቸው ስለማያሳያቸው ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት፤ የተሳሳቱትን መስመርም ከመጀመሪያው ይደግማሉ። አልጣሽ ቆማ ከንባቡ ይልቅ ትሪውን ትሰማ ነበር። የላስቲኩ ጠርዝ ላይ ጠል ቋጥሮ ወደ ውስጥ ሲወርድ አየች። አንድ ጠብታ፣ ሌላ ጠብታ። የሦስት ሳምንት ሐሳቧ፣ ያ መቀርቀሪያ፣ ከላስቲኩ ሥር እየተቀቀለ ነበር። ሮዳስ በወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

ንባቡ አርባ ደቂቃ ፈጀ። አባታችን ሆይ ተብሎ ሲያበቃ አልጣሽ ላስቲኩን ገለጠችው። ልጣጩ ሁሉ ተሸብሽቦ፣ ላብ ያዘለ ካልሲ መስሎ ሟሽሿል። የጥፍሯን ጫፍ ጎተት አደረገችበት። ምንም ድምፅ አልሰጠም።

ሮዳስ አይታት ነበር። ጭንቅላቷን አልነቀነቀችም፤ ዓይኗን ብቻ ወደ ምስሩ መለሰች።

አልጣሽ ትሪውን አንሥታ ወደ ቤቱ ጓሮ ሄደች። እትዬ ማናህሎሽ ከኋላዋ ጠሯት፤ አልዞረችም። ሰዉ በእንጀራውና በወጡ ይጀምራል፤ አሥር ደቂቃ አላት። ማሂር ይህንንም ነግሯት ነበር፤ ውሃ ያበላሸውን እሳት ይመልሰዋል፣ እሳቱ ግን መቆጣት አለበት። ከሰሉን አነቃነቀች፣ በካርቶን አራገበች፣ ድንቾቹን ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጋ ሽቦው ላይ ደረደረች። ክዳኑን ገጠመች፣ ፍሙን መለሰች፣ ድንጋዩን ከፍሙ መሀል ጫነች። ፍሙ ሰማያዊ ነበልባል አወጣ። ላብ ከተሰነጠቀው ከንፈሯ ላይ ሲወርድ አቃጠላት።

ባምላክ ከመምጣቱ በፊት ስምንት ደቂቃ ያህል አግኝታለች። ድንጋዩን በታጠፈው ጆንያ አንሥታ እግሯ አጠገብ መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ክዳኑን ገልጣ፣ ድንቾቹን ወደ ትሪው እያወጣች ነበር። የመጀመሪያውን በቢላው ጀርባ ጎተት አደረገችው። ደረቁ ቅጠል ተመልሷል።

«ሰው ፊት ጥለሽኝ ትሄጂያለሽ» አለ ባምላክ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከጩኸቱ ይልቅ ይህን ነው የምትፈራው። «ማናህሎሽ እየጠራችሽ ጥለሽ ትሄጂያለሽ።»

«ደረሰ» አለችው። «አሁን አቀርበዋለሁ።»

በቡጢ መታት። ጉንጯን ሲያገኘው አፏ ውስጥ ከቀሩት መንጋጋዎች አንዱ ሲነቃነቅ ተሰማት። በጀርባዋ ከውሃ ጄሪካኖቹ ላይ ወደቀች፤ ጄሪካኖቹ ተንኳኩ፣ አንዱ ተገልብጦ ውሃው ፈሰሰ። ወደ ትሪው ሲራመድ አይታ በጉልበቷ ተጎትታ በፊቱ ተደፋችበት፤ ትሪውን ሆዷ ሥር አደረገችው። ከፍሙ አጠገብ ተቀምጦ የጋለው የትሪው ብረት ቀሚሷን አልፎ ሆዷን ፈጃት። አልተነሣችም። ጀርባዋን ረገጠው። ጎድኗ ውስጥ ሲፋተግ የዋለው ነገር አሁን ቀጭ አለ። አንድ ጊዜ ደገመ። ከማንጎው በኩል የሰው ሳቅና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። እዚያ የተቀመጠው ሁሉ የሚመታ ሥጋ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ያውቃል፤ ጨዋታውን ትንሽ ከፍ አደረገ እንጂ የተነሣ የለም።

ባምላክ ዙሪያውን ተመለከተ፤ እጁ የሚይዘው ነገር ፈለገ። ድንጋዩን አየው።

«ይሄን ነው የተሸከምኩልሽ» አለ። አሁን ድምፁ ተንቀጥቅጧል። «አንገቴ ላይ። ጉልበቴ እስኪላጥ። በሀገር ሰው ፊት እግርሽ ላይ ወደቅሁ፤ አንቺ የድስት ክዳን አደረግሽው።»

ጎንበስ አለ።

አልጣሽ ከትሪው ላይ አንገቷን አዙራ ሁለቱ እጆቹ ወደ ድንጋዩ ሲወርዱ አየች። ድንጋዩ መሬት ላይ፣ ጥቁር፣ እንደማንኛውም ድንጋይ ተቀምጧል። አንድ ቃል ለማለት ጊዜ ነበራት። «ይፋጃል።» ቃሉ አፏ ውስጥ፣ ከደሙና ከተነቃነቀው ጥርስ ጋር ነበር። ከንፈሯንም ከፍታ ነበር። ዘጋችው።

በንዴቱ እስከ ጉልበቱ ድረስ አነሣው። ከዚያ ምጣድ ላይ ውሃ የፈሰሰ የሚመስል ድምፅ መጣ፤ ከድምፁ በኋላ ጩኸቱ። ድንጋዩ ከእጁ ወርዶ በነጠላ ጫማው ላይ፣ በባዶው የእግሩ ጣት ላይ አረፈ። ባምላክ ተቀመጠ። እጆቹን በፊቱ ዘርግቶ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያያቸዋል። የመዳፉ ቆዳ ከፊሉ ድንጋዩ ላይ ቀርቷል፤ እዚያም እየተጨማደደ ይጨሳል። የተቃጠለ ሥጋ ሽታ ከተጠበሰው ድንች ሽታ ጋር ተደባልቆ ጓሮውን ሞላው። ኒሙሌ መንገድ ላይ ከሬሳው ሥር ሆኖም እንዲህ አልጮኸ ይሆናል።

ለዚህ ጩኸት ሁሉም ተነሣ። አቶ ገብረመድኅን ከነመነጽራቸው ሮጡ፣ ወንዶቹ ብብቱን ይዘው ሊያነሡት ታገሉ፣ አንዱ እግሩ ላይ የተጣበቀውን ጫማ ሲነቅል ባምላክ ራሱን ሳተ። እትዬ ማናህሎሽ ማር፣ እንቁላል፣ ቀዝቃዛ ውሃ እያሉ ይጠራሉ፤ ሌላዋ ማር አይደረግም ብላ ትከራከራቸዋለች። የአንዲት ሴት ጫማ ድንች ረገጠ። ሰይጣን ነው አሉ አንዱ። ዓይን ነው አሉ እትዬ ማናህሎሽ፤ ያ ምግብ መገለጥ አልነበረበትም። ማን መታ፣ ማን ተመታ የሚለውን ያነሣ አልነበረም። ድንጋዩ እንደሚግል ታውቅ እንደሆነ አልጣሽን የጠየቃትም የለም። ያንን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ከዚህ በኋላም እሷው ብቻ ታውቀዋለች።

ትሪውን ከሆዷ ሥር አወጣች። ከሠላሳዎቹ ሃያ ያህሉ ደህና ነበሩ። አንዱን መረጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በንጹሕ ሳሕን ላይ አደረገችው፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። ሮዳስ ከሰዉ አልተቀላቀለችም፤ የቤቱ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። አልጣሽ ሳሕኑን በሁለት እጇ አቀረበችላት።

ሮዳስ ፊቷን አየች፣ ቀሚሷ ላይ የተቃጠለውን ቦታ አየች፣ ከዚያ ድንቹን አንሥታ ከልጣጩ በኩል ነከሰች። ከጩኸቱና ከክርክሩ መሀል አልጣሽ ያንን ድምፅ ለይታ ሰማችው። ኩርሽም። ሮዳስ በዝግታ አኝካ ዋጠች፤ ደግማ ነከሰች።

«ጨው ትንሽ በዝቶበታል» አለች። «መኪናው ውጭ ነው። ሹፌሩ ሶሊ ይባላል። ቀድሜ ነግሬዋለሁ።»

አቶ ገብረመድኅን መኪናቸውን አቅርበው ባምላክን ለማስገባት ትልቁን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። አራት ወንዶች ተሸክመውት እያለፉ ሳለ ሽማግሌው ስለ ሐኪሙ፣ ቀጥሎም ሲያገግም ስለሚቀመጡት ዕርቅ ይናገሩ ነበር። ሐሙስ የሚመቻቸውን፣ ቅዳሜ የሚመቻቸውን ከወዲሁ ጠየቁ። ከኋላ የቀሩት ምን እንደሚያደርጉ ቸግሯቸው ወደ ማንጎው ጥላ ተመለሱ። አንድ ሰው ትሪውን ከጓሮ አመጣው። ሌላው አንድ ድንች አንሥቶ ጫፉን ቀመሰ፣ ከዚያ ተቀመጠ።

አልጣሽ የከሰሉን ማዳበሪያ ባልታመመው ጎኗ በኩል ትከሻዋ ላይ አደረገች። ግማሹ ከሰል ነው፤ ከታች ፌስታሉ አለ። በሰዎቹ መሀል አለፈች። እትዬ ማናህሎሽ የጠረጴዛ ልብሳቸውን እያጠፉ ነበር፤ ማዳበሪያው ነጠላቸውን እንዳያጠቁር ሰብሰብ ብለው መንገድ ለቀቁላት፣ ጨዋታቸውንም ቀጠሉ። በሩ ለመኪናው እንደተከፈተ ነው። ደጁ ላይ አቧራው ገና አልተኛም። ከኋላዋ፣ ከጥላው ሥር፣ ልጣጩ በሰዉ ጥርስ ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፤ አንዱም ጨው እንዲያቀብሉት ጠየቀ።